ሰው በሌለበት ለሚሠራ የቁጥጥር ኮምፒውተር የቱን እንምረጥ?

"ኪቦርድ አልተገኘም። ለመቀጠል ኤፍ1ን ይጫኑ።"

ይህን ጽሑፍ ያየሁት አንድ የፓምፕ መቆጣጠሪያ ኮምፒውተር ለምን እንዳልተነሳ ለማጣራት ሞኒተር ስሰካበት ነው። ሌሊት መብራት ሄዶ መጥቷል። ኮምፒውተሩም በርቷል። ኪቦርዱን ግን ከሁለት ቀን በፊት ለሌላ ሥራ ነቅዬ ወስጄዋለሁ። ኮምፒውተሩም አንድ ሰው መጥቶ ኤፍ1ን እስኪጫንለት ድረስ ተገትሮ አደረ። ፕሮግራሙ ምንም አልነበረበትም። ጠረጴዛዬ ላይ ሳምንት ሙሉ እንከን የለሽ ነበር፤ እኔም ሳምንቱን ሙሉ አጠገቡ ነበርኩ።

ከዚያ ወዲህ ሰው "ለቁጥጥር ሥራ የትኛው ይሻላል?" ሲለኝ የፕሮሰሰር ፍጥነት አላነሳም። "አጠገቡ ሰው ይኖራል ወይ?" ብዬ ነው የምጀምረው። ሰው የማይኖር ከሆነ የምርጫው መልክ ይለወጣል። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ዓይነት ሥራ ነው፦ ሴንሰር እያነበበ ሞተር፣ ቫልቭ ወይም ማሞቂያ የሚያዝ፣ ተሰክቶ የሚረሳ ኮምፒውተር።

## ከመምረጥ በፊት፦ አምስት ጥያቄዎች

ዙሩ ስንት ነው? የቁጥጥር ፕሮግራም ሥራው አንድ ነው፦ ያነባል፣ ያሰላል፣ ያዛል፣ እንደገና ያነባል። የውሃ ማሞቂያ ከሆነ በሰከንድ አንድ ዙር ይበቃዋል። የሞተር ፍጥነት ለመቆጣጠር በሰከንድ 1,000 ዙር፣ ማለትም በየ1 ሚሊ ሰከንድ፣ የተለመደ ነው። የሞተሩን ከረንት ራሱን መቆጣጠር ከተፈለገ ወደ 10,000 እና 20,000 ዙር ይኬዳል። የምትቆጣጠሩት ነገር ለትእዛዝ ምላሽ ለመስጠት የሚፈጅበትን ጊዜ ለኩ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ከ10 እስከ 20 ዙር ማድረግ ጥሩ መነሻ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሳያሰላ በጣም ፈጣኑን ይገዛል። ከዚያ ለማያስፈልገው ፍጥነት ሲደክም ይኖራል።

ከሁሉ የከፋው መዘግየት ስንት ነው? ሪል ታይም ማለት ፈጣን ማለት አይደለም። በተባለው ሰዓት መገኘት ነው። አማካይ ቁጥር እዚህ ላይ ያታልላል። በ1 ሚሊ ሰከንድ ዙር "በሚሊዮን አንዴ ብቻ ይዘገያል" ቢሏችሁ ደስ አይበላችሁ። አንድ ሚሊዮን ዙር 17 ደቂቃ ገደማ ነው። በየ17 ደቂቃው ለ30 ሚሊ ሰከንድ የሚፈዝ ኮምፒውተር ለ30 ዙር ያህል ሞተሩን በአሮጌ ትእዛዝ ይነዳዋል ማለት ነው።

መብራት ሲሄድና ሲመጣ ምን ይሆናል? በራሱ ይነሳል? በስንት ሰከንድ? ፋይል እየጻፈ ሳለ ቢቋረጥበትስ? እስኪነሳ ድረስ ባለው ጊዜ ደግሞ ቫልቩ ክፍት ነው ወይስ ዝግ?

ሽቦው የት ይገባል? አናሎግ ግቤት፣ የኢንኮደር (የሞተርን መዞር በምልክት የሚያሳውቅ ሴንሰር) ቆጣሪ፣ 24 ቮልት ምልክት። ይህ ጥያቄ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ይታሰባል፣ ሁልጊዜም በጀቱን ያፈርሳል።

እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ ማን ይጠግነዋል? ፕሮግራመር ነው? ኤሌክትሪሽያን ነው? ወይስ ማንም?

## አማራጭ አንድ፦ ተራ ፒሲ በሪል ታይም ሊኑክስ

ከዊንዶውስ እንጀምርና ቶሎ እንለፈው። የዊንዶውስ ሰዓት በተለምዶ የሚነቃው በየ15.6 ሚሊ ሰከንዱ ነው። ከዚያ በታች ማውረድ ቢቻልም ዋስትና የለውም። ዳታ ለማየትና ለመመዝገብ ግሩም ነው፤ ሞተር ግን አይሰጠውም።

ሊኑክስ ሌላ ታሪክ ነው። ፕሪኤምፕት አርቲ የሚባለው የሪል ታይም ማሻሻያ ለ20 ዓመት ያህል ከዋናው ከርነል (የሊኑክስ እምብርት ከሆነው ፕሮግራም) ውጭ እየተጠገነ ኖሮ፣ በ2024 መጨረሻ በወጣው ሊኑክስ 6.12 ውስጥ ገባ። ስለዚህ ዛሬ ከርነሉን ስትገነቡ አንድ ምርጫ ማብራት ነው። ዴቢያንን የመሰሉ ስርጭቶች ደግሞ ተገንብቶ ያለቀ ፓኬጅ ይሰጣሉ። በደንብ በተስተካከለ ፒሲ ላይ ከሁሉ የከፋው መዘግየት ብዙውን ጊዜ ከ100 ማይክሮ ሰከንድ በታች ነው። ለ1 ሚሊ ሰከንድ ዙር ይህ ከበቂ በላይ ነው።

"በደንብ በተስተካከለ" ያልኩት ለወጉ አይደለም። ዋናው ችግር ከርነሉ ሳይሆን ባዮሱ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲበራ ቀድሞ የሚነሳው የቦርዱ ፕሮግራም፣ ነው። በኢንቴልና በኤኤምዲ ማሽኖች ላይ ባዮሱ ፕሮሰሰሩን ከሊኑክስ እጅ ነጥቆ የራሱን ጉዳይ ጨርሶ ይመልሰዋል። ኤስኤምአይ ይባላል። ከርነሉ ሊያስቆመው አይችልም፤ ሲነጠቅም አያውቅም። ሰዓቱ ዘሎ ሲያገኘው ብቻ ነው የሚገባው። አንድ ጊዜ መዘግየት የሚለካውን ሳይክሊክቴስትን ከፍቼ ከፍተኛውን ቁጥር ስከታተል 41 ማይክሮ ሰከንድ ላይ ለሰዓታት ቆየ። ቡና ላፈላ ተነስቼ ስመለስ 380 ሆኗል። ሁለት ቀን የከርነል ቅንብር ስነካካ ዋልኩ። ጥፋተኛው በመጨረሻ ባዮሱ ውስጥ ተገኘ፦ ለድሮ ፕሮግራሞች ሲል የዩኤስቢ ኪቦርድን የሚያስመስለው "ዩኤስቢ ሌጋሲ" የሚባል ምርጫ። አጠፋሁት፣ ቁጥሩም ተመለሰ። ከዚህ የምትወስዱት ነገር ቢኖር ፒሲ ከመግዛታችሁ በፊት፣ ከተቻለ ያንኑ ሞዴል ተውሳችሁ ሞክሩ። ኤችደብሊው ላት ዲቴክት የሚባለው መሣሪያ ይህን ዓይነት ስርቆት ያሳያል። ሁለት ፒሲዎች አንድ ፕሮሰሰር፣ አንድ ከርነል ይዘው ውጤታቸው ሰማይና ምድር ሊሆን ይችላል።

የቀረው ማስተካከያ የታወቀ ነው። ፕሮሰሰሩ እንዲያንቀላፋ የሚያደርገውን ሲ ስቴት፣ ሃይፐርትሬዲንግንና ፍጥነቱን ከፍ ዝቅ የሚያደርገውን ምርጫ አጥፉ። አንድ ኮር ለቁጥጥሩ ብቻ ለዩ። ፕሮግራሙ ስኬድ ፊፎ በሚባለው የቅድሚያ ደረጃ ይሂድ፤ ሜሞሪውንም በኤምሎክኦል ይቆልፍ። ዙሩ ውስጥ ፋይል አትጻፉ፣ ስክሪን ላይ አታትሙ፣ አዲስ ሜሞሪ አትጠይቁ። ሙከራውም ማሽኑ በሥራ ተወጥሮ ሳለ ይሁን፤ ዲስኩም ኔትወርኩም እየሠራ፣ ቢያንስ አንድ ሌሊት። ሥራ በፈታ ማሽን ላይ የተለካ ቁጥር አያስተማምንም።

አሁን ወደ ኤፍ1 እንመለስ። ፒሲን ብቻውን ማቆም የራሱ ሥራ አለው። ባዮሱ ውስጥ "ኃይል ሲመለስ" የሚለው "በራስህ ተነሳ" መባል አለበት። "በስህተት ቁም" የሚለው ደግሞ "በምንም አትቁም"። ቡት የሚያደርገው ግሩብ ያለፈው አነሳስ ካልተሳካ ዝርዝር አውጥቶ ሊጠብቅ ስለሚችል የመጠበቂያ ጊዜውን አሳጥሩ። ፕሮግራሙን ሲስተምዲ (የሊኑክስ አገልግሎት አስነሺ) ያስነሳው፣ ሲወድቅም መልሶ ያቁመው። ዲስኩ ለማንበብ ብቻ ይከፈት፤ የሚጻፈው ሜሞሪ ላይ ይዋል። ያኔ መብራት መቼም ቢሄድ የሚበላሽ ፋይል የለም።

አንድ ማንም የማያነሳው ነገር ልጨምር። ይህ ሁሉ የባዮስ ቅንብር በብዙ ማሽን ላይ የሚኖረው በአንዲት ክብ ባትሪ ምሕረት ነው። ባትሪዋ ከዓመታት በኋላ ስትሞት ቅንብሩ ወደ ፋብሪካው ይመለሳል፣ ኤፍ1ም ይመለሳል። የተገጠመችበትን ቀን ሳጥኑ ላይ ጻፉ።

## አማራጭ ሁለት፦ ድርብ ከርነልና የሚገዙ ሲስተሞች

ዜኖማይና አርቲኤአይ ከሊኑክስ ጎን አንድ ትንሽ ሪል ታይም ከርነል ያስቀምጣሉ። ቅድሚያው የትንሹ ነው፣ ሊኑክስ በትርፍ ጊዜ ይሠራል። መዘግየታቸው ከፕሪኤምፕት አርቲ ሊያንስ ይችላል። ግን ዙሩ ውስጥ በስህተት አንድ ተራ የሊኑክስ ጥሪ ካደረጋችሁ ወደ ሊኑክስ ወገን ትወርዳላችሁ፣ ዋስትናውም ይቀራል። ከከርነል ስሪት ጋር ማጣጣሙም ያደክማል። እኔ ፕሪኤምፕት አርቲ ተለክቶ ካልበቃ በቀር አልነካቸውም።

ኪውኤንኤክስና ቪኤክስወርክስ የሚገዙ ናቸው። ድጋፍ አላቸው፤ የደህንነት ማረጋገጫ ለሚጠየቅበት ምርትም ወረቀቱ የተሟላ ስሪት አላቸው። የሚገዛ ሲስተም ግን የንድፍ ስህተትን አይሸፍንም። በ1997 ማርስ ላይ ያረፈችው ፓዝፋይንደር በቪኤክስወርክስ ነበር የምትሠራው። አንድ ዝቅተኛ ቅድሚያ ያለው ሥራ ከፍተኛው የሚፈልገውን ቁልፍ ይዞ ሳለ መካከለኛው ጣልቃ እየገባበት፣ ኮምፒውተሯ ደጋግማ ራሷን ታስነሳ ነበር። መፍትሔው ከምድር ተላከ፤ ጠፍቶ የነበረ የቅድሚያ ውርስ የሚባል ምርጫ ማብራት ነበር። ያቺን መንኮራኩር እስኪታረም ያቆያት ፕሮግራሙ ሲፈዝ መልሶ የሚያስነሳው ዋችዶግ ነው። ስለ እሱ ቆይቼ እመለሳለሁ።

በሲሙሊንክ ሥዕል እየሣሉ ኮድ ለሚያወጡ ሰዎች አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ድሮ ኤክስፒሲ ታርጌት በሚባለው አሮጌ ፒሲን የቁጥጥር ማሽን ማድረግ፣ ያለ ዋናው ኮምፒውተር ብቻውን እንዲነሳም ማድረግ ይቻል ነበር። ያ ምርት ሲሙሊንክ ሪል ታይም ሆኗል። ከአር2020ቢ ጀምሮም መሠረቱ ኪውኤንኤክስ፣ ማሽኑም የስፒድጎት ነው። የቆየ መመሪያ ይዛችሁ፣ የተጣለ ፒሲ አንስታችሁ በአዲሱ ስሪት ልሥራ ካላችሁ ድካማችሁ ውሃ በላው። ሞዴሉ ወደ ሲ ኮድ ተለውጦ ሌላ ቦታ መሄድ ግን ይችላል።

## አማራጭ ሦስት፦ ትንንሽ የሊኑክስ ቦርዶች

ራስበሪ ፓይና ቢግልቦን ብላክ ለሰው መጀመሪያ የሚታሰቡት ናቸው። ያለ ምክንያትም አይደለም። ባዮስ የላቸውም፣ ስለዚህ ኤፍ1 የለም። ኃይል ሲያገኙ ይነሳሉ። በሪል ታይም ከርነል 1 ሚሊ ሰከንድ ዙር ይችላሉ።

ራስበሪ ፓይ ላይ ሁለት ነገር ያስቸግራል። አንደኛ፣ አናሎግ ግቤት የለውም፤ ሌላ ቺፕ መጨመር ግድ ነው። ሁለተኛ፣ ኤስዲ ካርዱ። መብራት በሚያስቸግርበት ቦታ እየተጻፈበት ያለ ኤስዲ ካርድ አንድ ቀን አይነሳም። ለማንበብ ብቻ አድርጉት፣ ወይም ከሌላ ማከማቻ አስነሱት። ቢግልቦን ብላክ ቦርዱ ላይ የተበየደ ማከማቻ አለው። ከዋናው ፕሮሰሰር ጎንም በ200 ሜጋኸርዝ የሚሄዱ ሁለት ትንንሽ ፕሮሰሰሮች አሉት፤ አንድ ትእዛዝ በ5 ናኖ ሰከንድ ይፈጽማሉ። ሊኑክሱ ምንም ቢሆን እነሱ ሰዓታቸውን አይስቱም። የኢንኮደር ምልክት ለመቁጠር ወይም ስቴፐር ሞተር ለመንዳት ከዚህ የሚስማማ ቦርድ አላየሁም። ብቻ አናሎግ ግቤቱ ከ1.8 ቮልት በላይ አይችልም። 3.3 ቮልት የሰካ ሰው ሌላ ቦርድ ይገዛል።

## አማራጭ አራት፦ ማይክሮኮንትሮለር

አድልዎዬን ልናገር፦ ሥራው እዚህ ውስጥ የሚገባ ከሆነ ሌላ አትፈልጉ።

ማይክሮኮንትሮለር፣ ማለትም ፕሮሰሰሩም ሜሞሪውም ግቤቱም በአንድ ቺፕ ላይ ያለ ትንሽ ኮምፒውተር፣ መነሳት የሚባል ጣጣ የለበትም። ኃይል ሲያገኝ በሚሊ ሰከንዶች ውስጥ ሥራ ላይ ነው። የሚበላሽ ዲስክ፣ የሚከፈት ፋይል፣ የሚሻሻል ከርነል የለም። ጊዜ አክባሪነቱም ሌላ ነው። ኮርቴክስ ኤም4 ፕሮሰሰር ለኢንተራፕት (ሥራውን አቋርጦ እንዲያስተናግደው ለሚጠራው ምልክት) ምላሽ ለመጀመር 12 የሰዓት ምት ይፈጅበታል። በ168 ሜጋኸርዝ በሚሄደው ኤስቲኤም32ኤፍ407 ላይ ይህ 71 ናኖ ሰከንድ ገደማ ነው። የተስተካከለ ፒሲ በማይክሮ ሰከንድ አሥሮች ሲቆጥር ይህ በናኖ ሰከንድ ነው።

ሁሉም እኩል አይደሉም። የቆየው አርዱዊኖ ኡኖ አር3 16 ሜጋኸርዝና 2 ኪሎባይት ሜሞሪ ነው ያለው። የነጥብ ቁጥር የሚያሰላ ክፍልም የለውም። ለማሞቂያና ለፓምፕ ይበቃል፣ ለመማርም ጥሩ ነው። ማትሪክስ ማባዛት ከጀመራችሁ ግን ያለቅሳል። ሥራዎች ሲበዙ ፍሪአርቶስ ወይም ዜፊር የሚባል ትንሽ ሪል ታይም ሲስተም ይጨመራል፤ ሁለቱም በነጻ ናቸው።

ጉድለቱ ውስጡ ምን እየሆነ እንዳለ ማየት መክበዱ ነው። የአንድ ወር ዳታ መዝግብ፣ ገበታ አሳይ፣ በኔትወርክ አሻሽለኝ ማለት ይቻላል፤ ግን እያንዳንዱ የእናንተ ሥራ ነው። የኃይል ማጣሪያው፣ ሳጥኑ፣ ከሞተር የሚመጣውን ረብሻ መከላከያው ሁሉ እናንተን ይጠብቃል። ቮልቴጅ ቀስ እያለ ሲወርድ ቺፑ ግማሽ ሞቶ እንዳይሠራ የሚያቆመውን የብራውን አውት ምርጫ ማብራትም አትርሱ።

## አማራጭ አምስት፦ ፒኤልሲ

ፕሮግራመሮች ፒኤልሲን፣ ለፋብሪካ ቁጥጥር ተብሎ የተሠራውን ኮምፒውተር፣ ይንቁታል። እኔም ንቄው ነበር። በ1960ዎቹ መጨረሻ የመኪና ፋብሪካዎችን የሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያና ማጥፊያ) ሳጥን ለመተካት የመጣ ነው፤ ቋንቋውም አሁን ድረስ የሪሌ ሥዕል ይመስላል። ጥቅሙም ይኸው ነው። ሌሊት ላይ ማሽን ሲቆም የሚጠራው ኤሌክትሪሽያን ከፍቶ ሊያነበው ይችላል። 24 ቮልት ገመድ በቀጥታ ይገባበታል። ኃይል ሲመጣ በራሱ ይነሳል፣ ሲሄድም አይበላሽም። ዙሩ አብዛኛውን ጊዜ በሚሊ ሰከንዶች ነው፤ ለፓምፕ፣ ለማጓጓዣ ቀበቶ፣ ለማሞቂያ ይተርፋል። ፒአይዲ የሚባለው የቁጥጥር ስሌት ተዘጋጅቶ ይመጣል። በሌላው ወገን ውድ ነው። የፕሮግራም መጻፊያው ብዙውን ጊዜ ከአንድ አምራች ጋር ያስራችኋል። ከበድ ያለ ሒሳብም አይወድም።

## ሁለቱን ማጋባት

ብዙ ጊዜ እኔ የማደርገው ይህንን ነው። ፈጣኑ ዙር ማይክሮኮንትሮለር ላይ፣ ምዝገባው፣ ገበታውና ኔትወርኩ የሊኑክስ ቦርድ ላይ። በመሃላቸው አንድ ተከታታይ መስመር። ሊኑክሱ በየ100 ሚሊ ሰከንዱ "አለሁ" ይላል። ግማሽ ሰከንድ ድምፁ ከጠፋ ማይክሮኮንትሮለሩ ሞተሩን አቁሞ ቫልቩን ይዘጋል። ሊኑክሱን እንዳሻችሁ አሻሽሉ፣ አስነሱ፣ አበላሹ፤ ፓምፑ አይጎዳም።

| አማራጭ | የሚመቸው ዙር | መብራት ሄዶ ሲመጣ | ሽቦ ለማስገባት | ወጪ | ዋናው ራስ ምታት |
|---|---|---|---|---|---|
| ፒሲ፣ ፕሪኤምፕት አርቲ | 1 ሚሊ ሰከንድ ገደማ | ከተስተካከለ ይነሳል | ካርድ ይጨመራል | መካከለኛ | ባዮስ |
| ድርብ ከርነል | ከ1 ሚሊ ሰከንድ በታች | እንደ ፒሲው | ካርድና ልዩ ድራይቨር | መካከለኛ፣ ብዙ ጊዜ ይበላል | ከከርነል ጋር ማጣጣም |
| የሚገዛ ሲስተም | ከ1 ሚሊ ሰከንድ በታች | ጥሩ | እንደ ማሽኑ | ከሁሉ ከፍተኛ | ፈቃድና ጥገኝነት |
| የሊኑክስ ቦርድ | 1 ሚሊ ሰከንድና በላይ | ኤስዲ ካርድ ካልተበላሸ | ጥቂት፣ ዝቅተኛ ቮልቴጅ | ዝቅተኛ | ማከማቻው |
| ማይክሮኮንትሮለር | እስከ 50 ማይክሮ ሰከንድና በታች | ወዲያው | ብዙ፣ ዝቅተኛ ቮልቴጅ | ከሁሉ ዝቅተኛ | ሁሉን ራስ መሥራት |
| ፒኤልሲ | ከጥቂት ሚሊ ሰከንድ በላይ | በጣም ጥሩ | ዝግጁ፣ 24 ቮልት | ከፍተኛ | የአምራቹ ሶፍትዌር |
| ጋብቻው | እንደ ማይክሮኮንትሮለሩ | ጥሩ | እንደ ማይክሮኮንትሮለሩ | ዝቅተኛ | ሁለት ፕሮግራም መያዝ |

## ለማን የቱ?

ተማሪ ከሆናችሁና ኪሳችሁ ባዶ ከሆነ፣ አርዱዊኖ ወይም አንድ የኤስቲኤም32 ቦርድ። ያላችሁን አሮጌ ፒሲም አትጣሉት፤ ሳይክሊክቴስት ጫኑበትና ስንት እንደሚያወጣ እዩ። ነጻ ትምህርት ነው።

ስልተ ቀመሩ በየቀኑ የሚለዋወጥ ጥናት ላይ ከሆናችሁ፣ ፒሲ በፕሪኤምፕት አርቲ። ሜሞሪው ሰፊ ነው፣ ስህተት ማደኑም ይቀላል። ተቋማችሁ የሲሙሊንክ ፈቃድና ማሽኑን የሚገዛ በጀት ካለው ደግሞ ጊዜያችሁን ይቆጥባል።

ፋብሪካ ውስጥ አንድ ማሽን ለዓመታት እንዲሠራ ከሆነና የሚጠግነው ሌላ ሰው ከሆነ፣ ፒኤልሲ። ውድነቱን አትዩ። እናንተ ለእያንዳንዱ ብልሽት ስትጠሩ የምታጠፉት ጊዜ ይበልጣል።

በመቶ የሚቆጠር ምርት ልታወጡ ካሰባችሁ ማይክሮኮንትሮለር። ኤተርካት በሚባል የኢንዱስትሪ ኔትወርክ የተሳሰሩ ብዙ ሞተሮች ላለው ሮቦት ፒሲ። የሩቅ ፓምፕ ጣቢያ፣ ዳታውም ተፈልጎ፣ ወጪውም ተቆጥቦ ከሆነ ጋብቻው።

ሰው ሊጎዳ የሚችል ማሽን ከሆነ የድንገተኛ ማቆሚያው ቀይ ቁልፍ ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው። ኃይሉን በቀጥታ በሽቦ ይቁረጥ። በፕሮግራም ውስጥ አያልፍም፤ ፕሮግራመሩ ጎበዝ ቢሆንም።

ዋችዶጉን ቀጠሮ ይዤለት ነበር። የመረጣችሁት ምንም ይሁን፣ ሃርድዌሩ ላይ ያለውን አብሩት። "አለሁ" የሚለው ምልክት ደግሞ ከቁጥጥሩ ዙር መጨረሻ ይውጣ። ብዙ ሰው ለብቻው በሚሄድ ትንሽ ሥራ ያስልከዋል። ያኔ ዙሩ ሞቶ ሳለ ያ ትንሽ ሥራ "ደህና ነኝ" እያለ ይቀጥላል።

ከማስረከባችሁ በፊት ሞኒተሩን፣ ኪቦርዱን፣ ማውሱን፣ የኔትወርክ ገመዱን ንቀሉ። በሞተሩ ፈንታ አምፖል ስኩ። ከዚያ የኃይል ገመዱን 30 ጊዜ ንቀሉና ስኩ፦ ሲነሳ፣ በሥራ መሃል፣ ፋይል ሲጽፍ፣ ነቅላችሁ ወዲያው፣ ነቅላችሁ ከአሥር ደቂቃ በኋላ። አምፖሉ በስንት ሰከንድ እንደበራ በወረቀት ላይ መዝግቡ። 29 ጊዜ ተነስቶ አንዴ ከቀረ፣ ያቺን አንዷን ፈልጉና ከአንድ ቁጠሩ።